በዳዊት ቤት ከንጉሡ ቀጥላ የምትቀመጠው ሴት ማን ነበረች?

በእመቤታችን በዓል ማለዳ ያስቀደሰ ሰው ይህን ምስባክ ሳይሰማ አይቀርም፦ «ወትቀውም ንግሥት በየማንከ፣ በአልባሰ ወርቅ ዑጽፍት ወኁብርት።» ንግሥቲቱ በወርቅ ልብስ ተጐናጽፋ በቀኝህ ትቆማለች ማለት ነው። ቃሉ ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ በግዕዙ ቁጥር 44ኛው፣ በዕብራይስጡ 45ኛው መዝሙር። ቤተ ክርስቲያን ለድንግል ማርያም ትዘምረዋለች። መጀመሪያ የተገጠመው ግን ለአንድ ንጉሥ ሠርግ ነው።

ታዲያ ያቺ በንጉሡ ቀኝ ያለችው ሴት ማን ናት? ብዙዎቻችን ሳናስብ «ሚስቱ» እንላለን። በዚህ መዝሙር ላይ ልክ ነን፤ ሙሽራይቱ ናት። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ግን ያ የቀኝ ቦታ የሌላ ሴት ነበር። በኢየሩሳሌም ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ቀጥሎ ትልቁን ክብር የያዘችው እናቱ ነበረች። ይህ ካልገባን መጽሐፈ ነገሥትን ስናነብ ብዙው ደም ያለ ምክንያት የፈሰሰ ይመስለናል።

ንግሥት፣ እቴጌ ወይስ እመቤት?

ዕብራይስጥ ለንግሥት «ማልካ» የሚል ቃል አለው፤ ከእኛ «አምላክ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የሚገርመው ግን ይህን ማዕረግ በታሪኮቹ ውስጥ የምናገኘው ለውጭ ቤተ መንግሥት ሴቶች ነው፤ ለንግሥተ ሳባ፣ ለፋርሷ አስጢን፣ በእሷም ቦታ ለገባችው ለአስቴር። (አስቴር አይሁዳዊት ናት፤ ዘውዱን የጫነችው ግን በፋርሷ ከተማ በሱሳ ነው።) የዳዊትም ሆነ የሰሎሞን ሚስት በዚህ ስም ስትጠራ አናይም።

ለይሁዳ ቤተ መንግሥት ሴት የምናገኘው ቃል «ግቢራ» ነው። ሥሩ ብርታትን፣ ኃይልን ያመለክታል። አጋር ስለ እመቤቷ ስለ ሦራ ስትናገር በዕብራይስጡ የምትጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ በእኛ በኩል በእነዚያው ሦስት ፊደላት የተሠራው «ገብር» አገልጋይ ነውና።

ግቢራን «እቴጌ» ብንላት ያስኬዳል፤ ሆኖም እቴጌ ሲባል ቀድማ የምትታየን ጣይቱን የመሰለች የንጉሥ ባለቤት ስለሆነች ሊያሳስት ይችላል። «እናት ንግሥት» የሚለው ይቀርባል። ቃሉ ከነገሥታት ቤት ጋር ተያይዞ በብሉይ ኪዳን የሚገኘው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ መደበኛ ሹመት ነበር ወይስ የክብር ስም ብቻ በሚለው ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ወደ ሹመቱ አደላለሁ፤ ምክንያቴን መዓካ የምትባለው የንጉሥ እናት ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ለምን ሚስቲቱ አልሆነችም?

ቁጥሩን እንቁጠረው። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም 18 ሚስቶችና 60 ቁባቶች እንደነበሩት ተጽፏል። አባቱ ደግሞ 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች። በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ «የንጉሥ ሚስት» መሆን ብቻውን ብዙ ነገር አይደለም። ጣውንቷ ብዙ ነው፤ ዛሬ የተወደደች ነገ ትረሳለች። እናት ግን አንድ ናት። አትፈታም፣ በሌላም አትተካም።

በዚያ ላይ ዘውዱ ለበኵር ልጅ ብቻ ይሂድ የሚል የጸና ሥርዓት አልነበረም። ንጉሡ ከልጆቹ የወደደውን ሊመርጥ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዷ ሚስት በልጇ በኩል የወደፊት ዕጣዋን ታስላለች፤ የእሷ ወንድሞች፣ የአባቷ ቤት፣ በቤተ መንግሥት ያሉ ወዳጆቿም አብረው ያሰላሉ። ልጁ በነገሠ ቀን ከእነዚያ ሁሉ ሴቶች መካከል አንዷ ብቻ ብድግ ትላለች። እናት ንግሥት ማለት እንግዲህ ልጅ ስለወለደች ብቻ ዕድል የወጣላት ሴት አይደለችም፤ ብዙ ጊዜ በዚያ ትግል ያሸነፈች ሴት ናት።

ጎረቤቶቻቸውም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በአሦር ናቂያ የምትባል የንጉሥ እናት የልጅ ልጇ አሹርባኒፓል ሲነግሥ መኳንንቱን በስሟ ቃለ መሐላ አስገብታለች።

ያቺው ሴት፣ ሁለት ስግደት

የሚስትና የእናት ልዩነት ምን ያህል እንደነበረ በአንዲት ሴት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሴትዮዋ ቤርሳቤህ ናት። (በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ስሟ ከደቡቡ ከተማ ከቤርሳቤህ ጋር አንድ ዓይነት ይጻፋል፤ በዕብራይስጡ ግን ይለያያሉ።)

ዳዊት አርጅቷል። ልብስ ቢደራርቡለትም አይሞቀውም። ትልቁ ልጁ አዶንያስ ከጦር አለቃው ከኢዮአብና ከካህኑ ከአብያታር ጋር ሆኖ በዓይንሮጌል አጠገብ በግ አርዶ ድግስ ደግሷል፤ ነግሧል ማለት ይቻላል። ነቢዩ ናታን ወደ ቤርሳቤህ ሄዶ የምትናገረውን ነገር ቃል በቃል ይመክራታል። የሚያነሣው ነገር የክብር ጉዳይ አይደለም፤ ነፍስሽንና የልጅሽን የሰሎሞንን ነፍስ አድኚ ነው የሚላት። ተሸናፊ እናትና ልጅ አብረው እንደሚጠፉ ሁሉም ያውቃል።

ቤርሳቤህ ትገባለች፤ ለንጉሡ ሰግዳ «ምን ትፈልጊያለሽ?» እስኪላት ትጠብቃለች። የ20 ምናምን ልጆች አባት በሆነ ሽማግሌ ፊት የቆመች አንዲት ሚስት ናት።

ምዕራፉን ገልጠን አንድ ገጽ ስናልፍ ያቺው ሴት ትመለሳለች። አሁን የነገሠው ልጇ ሰሎሞን ነው። ንጉሡ ከዙፋኑ ይነሣል፤ ሊቀበላት ይሄዳል፤ ይሰግድላታል፤ ተመልሶ ይቀመጥና ለእናቱ ዙፋን ያስመጣል። በቀኙ ትቀመጣለች። እንደገና ያንን ምስባክ አስቡት፤ የመዝሙሩ ሙሽራ በንጉሡ ቀኝ *ትቆማለች*፣ እናቱ ግን በቀኙ *ትቀመጣለች*። በነገሥታት ፊት መቀመጥና መቆም ምን ማለት እንደሆነ ግብር ገብቶ ለሚያውቅ አገር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ነገር ግን ክብሩ እስከ ምን ድረስ ይሠራል? ቤርሳቤህ የመጣችው የአዶንያስን ልመና ይዛ ነበር፤ ዳዊትን በእርጅናው ያገለገለችውን ሱነማይቱን አቢሳን በሚስትነት ይስጠኝ ብሎ ልኳታል። «አንቺን አያሳፍርሽም» ነው ያላት፤ የእናትን በር ለምን እንደመረጠ ይህ ይናገራል። ሰሎሞንም ገና ሳይሰማ፣ እናቴ ሆይ ለምኚ፣ እምቢ አልልሽም አለ። ጥያቄውን ሲሰማ ግን ተቆጣ። የንጉሥን ሴት መውሰድ ዙፋኑን ይገባኛል ከማለት አይለይም፤ ያመፀው የዳዊት ልጅ አቤሴሎም በአባቱ ቁባቶች ላይ ያደረገው ይህንን ነው። አዶንያስ በዚያው ቀን ተገደለ።

ቤርሳቤህ የዋህ መልእክተኛ ነበረች የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ መልሱን አስቀድማ ታውቅ ነበር፣ የልጇን ባላንጣ በገዛ አፉ አስያዘችው ይላሉ። መጽሐፉ ልቧን አይከፍትልንም። እኔ ያቺ በናታን ምክር ዙፋን ያስገለበጠች ሴት እዚህ ላይ ድንገት የዋህ ሆነች ለማለት ይከብደኛል።

የእናቶቹ ስም ለምን ከነአገራቸው ተጻፈ?

መጽሐፈ ነገሥት ስለ ይሁዳ ነገሥታት ሲተርክ አንድ የማይለወጥ መግቢያ አለው፤ ሲነግሥ ዕድሜው ይህን ያህል ነበር፣ ይህን ያህል ዘመን ነገሠ፣ እናቱም እገሊት ትባላለች። ከኢዮራምና ከአካዝ በቀር ሁሉም እናታቸው ተጽፋለች ማለት ይቻላል። ሚስቶቻቸው ግን በዚህ መግቢያ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ከሰሎሞን በኋላ በተገነጠለው በሰሜኑ በእስራኤል መንግሥት ደግሞ የእናት ስም እንዲህ በየተራ አይመዘገብም፤ እዚያ በ200 ዓመት ገደማ ውስጥ ዙፋኑ በሰይፍ ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር ነበር። የዳዊት ቤት ብቻውን በዘለቀበት በይሁዳ ግን ጥያቄው «ከየትኛው ቤት?» ሳይሆን «ከየትኛዋ እናት?» ነው።

ይህ ዝርዝር ለአንባቢ ያሰለቻል፤ ሁላችንም ዘለን እናልፈዋለን። እስቲ አንዱን ቦታ ብቻ እንየው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ609 ንጉሥ ኢዮስያስ በመጊዶ በግብጹ ፈርዖን በኒካዑ እጅ ሞተ። «የአገሩ ሕዝብ» የሚባሉት፣ ባለ ርስቶቹ ማለት ሳይሆን አይቀርም፣ ኢዮአካዝን አነገሡ። ዕድሜው 23 ነበር። የ25 ዓመት ታላቅ ወንድም እያለው! ለምን ታላቁን ዘለሉት? መጽሐፉ ምክንያቱን በግልጽ አይናገርም፤ እናቶቹን ግን ይነግረናል። የታናሹ እናት አሚጣል ናት፤ አገሯ ልብና፣ በይሁዳ ቆላማው ምዕራብ ያለች ከተማ። የታላቁ የኢዮአቄም እናት ዘቢዳ፤ አገሯ ሩማ፣ ብዙዎች ከሰሜን ከገሊላ ወገን የሚያስቀምጧት። ፈርዖን በ3 ወር ውስጥ ኢዮአካዝን አስሮ ወሰደውና የዘቢዳን ልጅ አነገሠ። ከዓመታት በኋላ ባቢሎን ተራዋን አግኝታ ዙፋኑን የሰጠችው ለሴዴቅያስ ነው፤ ለሌላው የአሚጣል ልጅ።

ሦስት ንጉሥ ከአንድ አባት፣ ሁለት እናት፣ ሁለት ወገን። ሁለት ታላላቅ መንግሥታት ዙፋኑን ሲሰጡና ሲነሡ ምርጫቸው ከእናቶቹ መስመር ጋር አብሮ ይሄዳል። እነዚያ አሰልቺ የሚመስሉ የሴት ስሞች የፖለቲካ ካርታ ናቸው።

ሹመት ነበር ወይስ ክብር ብቻ?

ወደ መዓካ እንመለስ። ሮብዓም ከሚስቶቹ ሁሉ አብልጦ የወደዳት እሷን ነው፤ ስለዚህም ልጇን አቢያን አስቀድሞ ለንግሥና አጨው። አቢያ 3 ዓመት ብቻ ነግሦ ሞተና አሳ ተተካ። እዚህ ላይ ግር የሚል ነገር አለ፤ መዓካ የአሳም «እናት» ተብላለች። ብዙ ተርጓሚዎች አያቱ ናት ብለው ይረዱታል። እንዲያ ከሆነ መዓካ ልጇ ከሞተ በኋላም በልጅ ልጇ ዘመን ቦታዋን አለቀቀችም ማለት ነው።

አሳ የጣዖት አምልኮን ሲያጠፋ መዓካ አሼራ ለምትባለው ጣዖት ያሠራችውን ምስል ሰብሮ በቄድሮን ፈፋ አቃጠለው፤ እሷንም ከግቢራነት ሻራት። ለእኔ ክርክሩን የሚቋጨው ይህ አንድ ግሥ ነው። ሰው ከእናትነት ሊሻር አይችልም፤ የሚሻረው ከሹመት ነው። ከዚህም ሌላ፣ የራሷን የአምልኮ ምስል በይፋ የምታሠራ ሴት ገንዘብ፣ ሠራተኛና ተከታይ ያላት ሴት ናት።

ኤልዛቤልስ? እሷ ሚስት አልነበረችም?

ነበረች፤ ለዚህም ነው ታሪኳ ለየት የሚለው። ኤልዛቤል የሲዶናውያን ንጉሥ ልጅ ናት፤ ወደ ሰሜኑ መንግሥት የመጣችው በሁለት ቤተ መንግሥታት ውል ነው። ከማዕዷ የሚበሉ በዓል የሚባለው ጣዖት 450 ነቢያትና የአሼራ 400 ነቢያት ነበሩ ይላል መጽሐፉ።

ኃይሏ እንዴት እንደሚሠራ ግን የናቡቴ ወይን ቦታ ያሳያል። ባሏ ንጉሥ አክዓብ ቦታውን ፈልጎ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሸጥም ስላለው፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ፊቱን አዙሮ፣ እህል አልቀምስም ብሏል። ኤልዛቤል ደብዳቤ ጻፈች፤ በአክዓብ ስም፣ በአክዓብ ማኅተም። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የተመላለሰ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ የኢይዝራኤል ሽማግሌዎች ትእዛዙን አልመረመሩም፤ ማኅተሙን አዩ፣ ሁለት የሐሰት ምስክር አቆሙ፣ ናቡቴን በድንጋይ ወገሩ። የኤልዛቤል ሥልጣን በሚስትነቷ ጊዜ የተውሶ ነበር፤ የሚሠራው ባሏ ስሙን እስካበደራት ድረስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 «ይዝብል» የሚል ፊደል ያለበት አንድ ጥንታዊ የድንጋይ ማኅተም ላይ ጥናት ታትሟል። የእሷ ነው የሚሉ አሉ፤ ሆኖም የተገኘው ከቁፋሮ ሳይሆን ከገበያ ነው፣ ስሟ የሚጀምርበት አሌፍም አይታይበትም። ስለዚህ በእርግጠኝነት ለመናገር አይመችም።

አክዓብ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጆቿ በተከታታይ ነገሡና እሷም ግቢራ ተባለች። የጦር አለቃው ኢዩ አምፆ ልጇን ገድሎ ወደ ኢይዝራኤል ሲገባ ዓይኗን ተኳለች፣ ጸጉሯን አስጌጠች፣ በመስኮት ተመለከተች። ይህን ብዙ ሰው ለማማለል ነው ይለዋል። እንዲያ ከሆነ በመጀመሪያ ቃሏ «ጌታህን የገደልህ ዘምሪ» ብላ ለምን ትሰድበዋለች? ዘምሪ ጌታውን ገድሎ 7 ቀን ብቻ የነገሠ ሰው ነው። ሞቷን አውቃ በማዕረጓ ልብስ ልትሞት የተዘጋጀች ሴት ናት። ኢዩም ካስጣላት በኋላ ቅበሯት፣ የንጉሥ ልጅ ናትና ብሏል፤ ውሾቹ ቀድመው ደረሱ እንጂ።

ብቻዋን የነገሠች አልነበረችም?

አንዲት ነበረች፤ ጎቶልያ። ከአክዓብ ቤት ወጥታ ለይሁዳው ኢዮራም ተዳረች። ባሏ ሞተ፤ ልጇ አካዝያስ ነገሠና በዓመቱ በኢዩ እጅ ተገደለ። በዚህ ቅጽበት ያለችበትን ቦታ እዩ። እናት ንግሥትነቷ በልጇ እስትንፋስ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ቀጣዩ ንጉሥ የልጅ ልጇ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የራሱ እናት አለችው፣ ሳብያ የምትባል የደቡብ ሴት። ጎቶልያ ቦታውን ለምራቷ ከመልቀቅ ይልቅ የንጉሡን ዘር ፈጀች። ድርጊቱ አረመኔ ነው፤ ስሌቱ ግን ግልጽ ነው።

ያመለጠው ሕፃን ኢዮአስ ነው፤ ያዳነችውም ሌላ የቤተ መንግሥት ሴት፣ የአካዝያስ እኅት ዮሳቤት ናት። ከሞግዚቱ ጋር በቤተ መቅደስ ሸሸገችው። ጎቶልያ 6 ዓመት ነገሠች፤ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት መሆኑ ነው። በ7ኛው ዓመት ካህኑ ዮዳሄ ወታደሮቹን አስታጥቆ የ7 ዓመቱን ልጅ ቀባው። ጎቶልያ የሕዝቡን ጩኸት ሰምታ ስትመጣ ልጁን በዓምዱ አጠገብ ቆሞ አየችው፤ ልብሷን ቀዳ ጮኸች፣ ተይዛም በፈረስ መግቢያው በኩል ተገደለች። ጸሐፊው ለሌሎቹ ነገሥታት የሚሰጠውን ያንን መደበኛ መግቢያ ለእሷ አልሰጣትም። ነገሠች ይላል እንጂ ከነገሥታቱ አይቆጥራትም።

እኛ ዘንድስ ይህን የመሰለ አለ?

ራሱን ከሰሎሞን ቤት በሚቆጥረው በጎንደር ቤተ መንግሥት የምንትዋብ ታሪክ ለግቢራ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1730 ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ሳለ ሲነግሥ እሷም ዘውድ ጫነች፤ እቴጌነቷ የእናትነት ነበር። ኢያሱ በ1755 ሲሞት የልጅ ልጇ ኢዮአስ ተተካ (እንደ ይሁዳው ሕፃን ኢዮአስ መባሉን ልብ ይሏል)። ምንትዋብ ልክ እንደ መዓካ ቦታዋን ይዛ መቀጠል ፈለገች። የልጁ እናት ውቢት ግን አሁን ተራው የእኔ ነው አለች፤ የቤተ መንግሥቱም መከፋፈል በዚሁ ባሰ። የውቢት የክርስትና ስም ማን ነበር ቢባል፣ ወለተ ቤርሳቤህ።

የመጨረሻዋ ማን ነበረች?

ከመጨረሻዎቹ አንዷ ኔስታ ናት። ልጇ ዮአኪን በ18 ዓመቱ ነግሦ 3 ወር ብቻ ቆየ። ኤርምያስ ለንጉሡና ለግቢራዋ በአንድነት፣ የክብር ዘውዳችሁ ወድቋልና ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ ያለው ለእነዚህ ሁለት ሰዎች እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ፤ የወደቀው ዘውድ የሁለቱም ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ከበባት። ዮአኪን እጁን ሊሰጥ ከከተማይቱ ወጣ። የመጽሐፈ ነገሥት ጸሐፊ የወጡትን በማዕረግ ተራ ይዘረዝራል፤ ንጉሡ፣ እናቱ፣ ከዚያ ባሪያዎቹ፣ አለቆቹ፣ ጃንደረቦቹ። ጥቂት ዝቅ ብሎ ወደ ባቢሎን የተጋዙትን ሲቈጥር ደግሞ ከዮአኪን ቀጥሎ የንጉሡን እናት ጻፈ። የንጉሡን ሚስቶች ከእሷ በኋላ።